ንጹሕ ውሃ

የባትሪውን ራስ በጥርስ ብሩሽ እየፈተግሁ ነበር። ለብ ባለ ውሃ አንድ ማንኪያ ሶዳ በጥብጫለሁ፤ ብሩሹን እየነከርሁ፣ ሽቦው ከሚታሰርበት የእርሳስ ጉጥ ዙሪያ የበቀለውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት ቀስ ብዬ አነሳለሁ። ሶዳው ዝገቱን ሲነካው ይፍለቀለቃል። መፍለቅለቁን ሲተው አንዱ ጉጥ ጸዳ ማለት ነው፤ ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ። እኔ ራሴ ጥርሴን የምፍቀው በወይራ እንጨት ነው። ከቤታችን ብሩሽ ያለው ባትሪው ብቻ ነው።

"ዛሬም ጥርሱን እያጠብህለት ነው?" አሉ አያ አያልነህ። ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ አያ።"

"ቁርስስ አበላኸው?"

ባትሪ ቁርስ እንደማይበላ፣ ነገር ግን ውሃው ሲጎድል እንደሚሞላለት አስረዳኋቸው። ቀልድ መሆኑ የገባኝ ብሩሹን አለቅልቄ ምስማሩ ላይ ከሰቀልሁ በኋላ ነው። ቀልድ ለእኔ እንደዚያ ነው፤ ከሩቅ፣ ከሐሙሲት በእግሩ ነው የሚመጣው።

ስሜ ሰውመሆን ይባላል። በጂኦግራፊ ዲግሪ አለኝ። የጣና አማካይ ጥልቀት ስምንት ሜትር ገደማ መሆኑን ለፈተና አጥንቼ ጽፌያለሁ። ሐይቁን በአካል የማውቀው ግን እስከ ደረት ያለውን ብቻ ነው፤ እሱንም ወድቄበት። ተመርቄ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ስቀመጥ አያ አያልነህ እናቴን "እስኪ ልጅሽን ላኪልኝ" አሏት። የፈለጉት ጉልበቴን አልነበረም፤ ጉልበቴን አይተውታል። የፈለጉት ማንበቤን ነው። ሞተሩ የተገዛ ጊዜ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ወጥቶ ነበርና፣ የተጻፈውን የሚያነብላቸው ሰው ካገኙ ሞተሩ ዕድሜ የሚያገኝ መሰላቸው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ በሦስት ወር ጨረስሁት። ስለ ባትሪ የሚያወራውን ክፍል ሁለት ጊዜ ስለ ደገምሁት የባትሪ ሹም ሆንሁ።

የባትሪው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩን ማስነሳት። ቁልፉ ሲዞር ባለ በሌለ ኃይሉ ማስነሻውን ሞተሪኖ ያሽከረክራል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ እሱ ያርፋል፤ ሞተሩ ደግሞ እየሠራ የወሰደውን ጥቂት በጥቂት ይመልስለታል። ባትሪው ከደከመ ሞተሩ በገመድ ይነሳል። ገመዱን አምና አያ አያልነህ ሲጎትቱ ቀኝ ትከሻቸው ወለቀ። ወጌሻ መለሰው። ተሻለኝ ብለው ሲጎትቱ ደግሞ ወለቀ። ወጌሻው ሁለተኛ መልሶት ሲወጣ "ሦስተኛ ከወለቀ እኔን አትጥሩኝ" ብሎ ሄደ። እኔም አንድ ቀን ሞክሬ ነበር። ገመዱን ሳብሁት፣ ገመዱም መልሶ ሳበኝ፣ ከላይ የጠቀስሁትን እስከ ደረት ያለውን ጣና ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ እምቦጭ አለ። ዝናቡ ሲያበቃ አረሙ ከርብ ወንዝ መግቢያ እስከ እኛ ዳርቻ ሐይቁን እንደ ምንጣፍ ያለብሰዋል። ስሩ የሞተሩን ውልብልቢት ይጠመጥመዋል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ስሩን በማጭድ ቆርጠን እንደገና እናስነሳለን። መረባችን ያለበት ቦታ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ስድስት ሰባት ጊዜ የምናስነሳበት ቀን አለ። ባትሪው የሚሰጠው ከሚመለስለት ይበልጣል። ባለፈው ጥቅምት ሁለት ጊዜ ከእምቦጩ መሐል ቆመን ቀርተን በሰው ጀልባ ተጎትተን ወጣን።

የአያ አያልነህ ልጅ ዘመኑ ባጃጅ ይነዳል፤ ጧት ጧት ዓሣችንን ወደ ወረታ የሚያወጣልን እሱ ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ተጎትተን ስንመጣ ከዳርቻው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የተናገረው።

"አባዬ፣ ሦስተኛ በሰው ጀልባ ተጎትተው ከመጡ ሞተሩን ፈትቼ እወስደዋለሁ። ጣና ይበቃዎታል። እኔ ሬሳዎን ከእምቦጭ ሥር አልፈልግም።"

አያ አያልነህ መልስ ለመስጠት ቸኩለው አያውቁም። መረቡን አጣጥፈው ከትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ ከደህናው ላይ።

"ተጎትቼ ከመጣሁ፣ እሺ። ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው" አሉ።

እኚህ ሰው ከደንገል ታንኳ ጀምሮ አርባ ዓመት ሐይቁ ላይ ናቸው። በየብስ ሲሄዱ እንኳ እግራቸውን አራርቀው ነው የሚራመዱት፤ መሬቱ እንዳይገለብጣቸው የሚጠነቀቁ ይመስላሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከደጃፋቸው ሲቀመጡ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ሩዙ ማሳ ሳይሆን፣ ከማሳው ወዲያ ጭረት ወደምታህለው ውሃ ነው። በጊዮርጊስ ከማሉ አይመለሱም። እንግዲህ የእኚህ ሰው ጣና በእኔ የጥርስ ብሩሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ባትሪውን ጭኜ ወደ ወረታ ሄድሁ። እንደ ሁልጊዜው እንዳይጋደል ብዬ በዘመኑ ባጃጅ ከጭኔ ላይ አስቀምጬ ሁለት እጄን ዙሪያውን አድርጌያለሁ። በስተግራዬ ሩዝ ነጋዴዋ እትዬ ሸዋዓለም ነበሩ።

"አቅፈኸዋልሳ! ክርስትና ልታስነሳው ነው?" አሉኝ።

ከፊት ሆኖ ዘመኑ መለሰላቸው። "አባቱን አጥተንለት ነው እንጂ፣ እትዬ፣ አርባ ቀኑ ካለፈ ቆየ።"

ጆሮዬ ጋለ። ሱሪዬ ላይ አሲድ የበላው የጣት ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ፤ እትዬ ሸዋዓለም እንዳያዩት በመዳፌ ሸፈንሁት።

ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው እንዳልካቸው ይባላል። ሱቁ ጠባብ ናት፤ እሱ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ጨርሶት ይገኛል። ስድስቱን ክዳኖች ፈታ፤ ተንሳፋፊ ባለው የብርጭቆ ቱቦ ከእያንዳንዱ ክፍል አሲድ መጥጦ ጉልበቱን አየ። ከዚያ ጎኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

"ውሃው ወርዷል። የታችኛው መስመር ደርሷል፣ አየኸው? አሁን ቻርጅ ላድርገው። ማታ ውሰደው። ነገ ሲበርድ ንጹሕ ውሃ ሙላበት፣ እስከ ላይኛው መስመር። የቧንቧ አይሆንም። የጉድጓድ አይሆንም። የወንዝ እንዳታስበው።"

"አሲድስ?"

"አሲድ ከነካህ ተጣላን። ንጹሕ ውሃ ብቻ። ቀጥል!"

"ቀጥል" ያለው እኔን አልነበረም፤ ከበስተኋላዬ ወረፋ የያዘውን ሰው ነው። የቧንቧ ካልሆነ፣ የጉድጓድ ካልሆነ፣ የወንዝ ካልሆነ፣ የቀረው ውሃ የቱ ነው? ጥያቄው ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ የቆሙትን ሦስት ሰዎች አየና ተመለሰ። ሰው ፊት መጠየቅ አልችልም። ትምህርት ቤትም ሳለሁ እጄን የማወጣው መምህሩ ጀርባውን ሲያዞር ነበር።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አሰብሁበት። መጽሐፉ የሚጠቀምበትን ቃል አስታወስሁ። መዝገበ ቃላቴ "የነጠረ፤ የጠራ፤ ንጹሕ" ብሎ ነው የፈታው። ሲነጠር የማውቀው ቅቤን ነው፤ ቅቤ እንደማይሆን ገብቶኛል፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። የዝናብ ውሃ ይሆን? ወሩ ኅዳር ነው፤ ሰማዩ እንደ ተጠረገ አውድማ ነው። ነሐሴ ላይ ቢነግረኝ ኖሮ፣ ዝናቡ ራሱ ቤታችን ድረስ መጥቶ እስከ ጉልበታችን ቆሞልን ነበር።

ከቤት ስገባ እናቴ ከመደቡ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻሻለች። ከራስጌዋ ሰማያዊው ጀሪካን አለ። በየዓመቱ ወንዛዬ ወርዳ፣ ተጠምቃ፣ ለዓመት የሚሆናትን ጠበል በዚያ ጀሪካን ታመጣለች። ዓመት እስከ ዓመት አይሸትም፣ አይለወጥም። እናቴ ወለተ ሐና በዚህ ነገር ክርክር አትወድም፤ "ከዚህ የነጻ ውሃ ከምድር ላይ የለም" ትላለች።

የነጻ። ንጹሕ። ቧንቧ አይደለም፤ ጉድጓድ አይደለም፤ ወንዝ አይደለም። ይህን ሁሉ ያለ ማንም እርዳታ መድረሴ ያን ጊዜ በጣም አኮራኝ። ከጀሪካኑ አፍ ዙሪያ ነጭ ጨው መሰል ነገር ደርቆ አየሁ። ከባትሪው ጉጥ ላይ የማነሳውን ይመስላል። ዘመድ ናቸው አልሁ በልቤ፤ ይስማማሉ።

"እማዬ፣ ከጠበሉ ትንሽ ስጭኝ።"

"ምነው? አመመህ?"

"እኔን አይደለም። ጉልበት ያነሰው አለ።"

ውሸት አይደለም። እናቴ ለታመመ ሰው ጠበል ሲጠየቅ ማን ነው፣ የት ነው አትልም። ጠርሙስ አጥባ ቀዳችልኝ።

"በባዶ ሆድ ነው፣ እሺ? ንገረው።"

"ባዶ ነው። አይቼዋለሁ።"

"ጫማ አድርገህም እንዳትይዘው።"

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጫማዬን አውልቄ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ስድስቱንም ክፍል ሞላሁ። ዓይኔን ከመስመሩ ትክክል አድርጌ ነው የሞላሁት፤ አንድ ጠብታ አላሳለፍሁም፣ አንድ ጠብታ አላጎደልሁም። በስመ አብ ብዬ ክዳኖቹን አጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በጥንቃቄ የሠራሁት ሌላ ስሕተት የለም።

ሳምንቱን ሙሉ ሞተሩ ቁልፉን ገና ስነካው ይነሳ ነበር። ተፈወሰ አልሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ የተቀደሰ ነገር በአደባባይ አይወራም ብዬ ነው ለራሴ የነገርሁት። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሪኖው ማላዘን ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጧት፣ ከዳርቻው ስንነሳ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አዞረና በሦስተኛው በግድ ተነሳ። አያ አያልነህ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ዛሬ ድምፁ ከበደኝ" አሉ።

"ብርዱ ነው፣ አያ።"

ብርድ አልነበረም። አንድ ነገር እንደ ተበላሸ አውቄያለሁ። ግን "ባትሪው ደክሟል" ካልሁ "ምን አደረግኸው?" ይመጣል፤ እሱ ከመጣ ጀሪካኑ ይመጣል። ስለዚህ ብርድ አልሁ።

መረቡን ስናነሳ አሥራ አራት ቀረሶና አንድ ትልቅ አምባዛ ይዟል። ስንመለስ ነፋሱ እምቦጩን ገፍቶ የመጣንበትን መንገድ ዘግቶታል። ውስጡ ገባን። መቶ ሜትር እንኳ ሳንሄድ ውልብልቢቱ ተጠመጠመና ሞተሩ ጸጥ አለ። ሞተሩን ወደ ላይ አንስቼ ስሩን በማጭድ ቆራርጬ አጸዳሁ። አያ አያልነህ ቁልፉን አዞሩ።

ጠቅ።

እንደገና አዞሩ። ጠቅ። ከዚያ ጠቅታውም ቀረ። የጀልባዋን መግፊያ ዘንግ ወደ ታች ሰደድሁት፤ መሬት አልነካም። ዳርቻው ቅርብ ነው፤ የዘመኑ ባጃጅ ጣሪያ ከደንገሉ በላይ ይታያል። ዘመኑ ራሱም ይታያል፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ እኛ ያያል።

አያ አያልነህ መረቡን ከእግራቸው ሥር ገፉና የግራ እጃቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡ። ገመዱን በግራ ሊስቡ ነው።

"አያ፣ ተዉት! ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ጥፋትህን በኋላ ትነግረኛለህ፤ ገመዱን አቀብለኝ።"

"ባትሪውን ጠበል ነው የሞላሁት።"

እጃቸው ከአየር ላይ ቆመ። "ምን?"

"የእማዬን ጠበል። የወንዛዬውን። ንጹሕ ውሃ ሙላበት ስላለኝ…"

ከዚያ ከደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትከሻቸው መሰለኝና ደነገጥሁ፤ ሳቅ ነው። ጀልባዋ ሁሉ ተንቀጠቀጠች።

"አጠመቅኸው!" አሉ። "ባትሪውን አጠመቅኸው! ጫማህንስ አውልቀህ ነው?"

"አዎ።"

"በባዶ ሆዱ?"

"አዎ፣ አያ።"

"ወይኔ አያልነህ! እኔ እኮ ነገር የሚያነብልኝ ብዬ ነው ያመጣሁህ። አንተ ልጅ፣ ጠበል የሚያድነው ያመነውን ነው። ይሄ ባትሪ መቼ አመነ?"

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ሲጠርጉ ወደ ዳርቻው አዩና ሳቁ ቆመ። ዘመኑ ከአዛናው ጀልባ አጠገብ ነው። አዛናው ጀልባውን ወደ ውሃ እየገፋ ነው። ሁለት ጊዜ ጎትቶ ያወጣን ይኸው አዛናው ነው፤ መጎተቻ ገመዱን አዘጋጅቶ ነው የሚኖረው።

"ሦስተኛ ሊሆን ነው" አሉ አያ አያልነህ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነብኝ። "በል፣ መረቡን አጣጥፈው። በደንብ አጣጥፈው። የሚወስደው ሰው እንዳይቸገር።"

መረቡን አላጣጠፍሁም። የሞተሩን ገመድ ያዝሁ።

"ተው፣ ትወድቅና አንተን ማን ያወጣሃል?"

"እስከ ደረት ነው" አልሁ። እስከ ደረት እንዳልሆነ ዘንጉ ነግሮኛል።

ሳብሁት። ገመዱ እንደ ጅማት ተወጠረና መልሶ ነጠቀኝ። ሁለተኛ ሳብሁ፤ ሦስተኛ ሳብሁ። በአራተኛው ወደ ኋላ ወድቄ አምባዛው ላይ ተቀመጥሁ፤ አምባዛው ገና በሕይወት ነበርና ተቃወመ።

"በእጅህ አይደለም!" ጮኹ አያ አያልነህ። "እጅህ ለብሩሽ ነው! እግርህን አንፈራጥጥ። ወገብህን ጣልበት። ከረግረግ የገባች ላም በእጅህ ነው የምትስባት?"

"ላም ከረግረግ ስቤ አላውቅም፣ አያ!"

"ኧረ ጉድ! የፎገራ ልጅ ሆነህ? ምን ስትሠራ አደግህ?"

"ሳጠና!"

"በል አሁን ላም ናት ብለህ ሳብ! ቀስ ብለህ ጫፉ እስኪከብድህ፤ ከከበደህ በኋላ ባንድ ጊዜ ተቀመጥ! ተቀመጥ እንጂ አትሳብ!"

የአዛናው ጀልባ ከግማሽ መንገድ በላይ መጥታለች። ገመዱን እየጠቀለለ ቆሟል። እኔም ቆሜያለሁ፤ መዳፌ ተልጧል፤ መቁጠር ግን አልተውሁም፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። በአሥረኛው ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰው። በአሥራ አንደኛው ገመዱ እስኪከብደኝ ጠበቅሁና ባለ በሌለ ክብደቴ፣ አምሳ ሦስት ኪሎ ነው፣ ወደ ኋላ ተቀመጥሁ። ተነሳ። አያ አያልነህ በደህናው እጃቸው ነዳጁን ሰጡት፤ ጭሱ ፊቴ ላይ ወጣ፤ እኔ ከአምባዛው ላይ ነበርሁ።

አዛናው ገመዱን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ገመዱን ይዞ ከኋላችን ተመለሰ።

ዘመኑ እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶ ጠበቀን።

"ተጎትታችሁ ነው የመጣችሁት?"

"ዓይን የለህም? አልተጎተትንም" አሉ አባቱ። "ጎተትን።"

"ባትሪው ምን ሆነ?"

"ባትሪው እምነቱን ክዷል። ለሰውመሆን ተወው።"

ዘመኑ ወደ እኔ ዞረ። መዳፌን አሳየሁት። እጄን ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ሱሪዬን፤ ከኋላው ሙሉ የአምባዛ ለሐጭ ነበር።

"ሰውመሆን" አለ ስሙን ቀስ ብሎ እየጠራ፣ "ዛሬ ሰው መሆን ጀመርህ ልበል?" ለአባቱ ግን ፊቱን አልፈታም። "ነገስ፣ አባዬ? ነገ ማን ሊጎትት ነው?"

"እሱ። ባትሪው ሲሠራ በባትሪው፣ ሳይሠራ በእሱ። የማልሁት ተጎትቼ ከመጣሁ ብዬ ነው። ጊዮርጊስን ጠይቀው።"

ዘመኑ ጊዮርጊስን አልጠየቀም። ጎንበስ ብሎ ባትሪውን ከሳጥኑ አወጣና እንደ ጤፍ ጆንያ ሊያጋድመው ሲል ጮህሁበት፤ ቀጥ አድርጎ ያዘው።

"ግባ፣ እንሂድ" አለኝ።

ከእንዳልካቸው ሱቅ ያን ቀን አምስት ሰው ቆሞ ነበር። እንዳልካቸው ክዳኑን ከፍቶ ባትሪውን አየ፤ በቱቦው መጠጠ፤ ፊቱ ተኮሳተረ።

"ይሄን ባትሪ ምን አጠጣኸው?"

ዘመኑ ከበሩ ላይ ቆሟል። አምስቱ ሰዎች ቆመዋል። ጆሮዬ ጋለ።

"ጠበል" አልሁ። አልሰሙም። ጮክ ብዬ ደገምሁት። "የወንዛዬ ጠበል!"

ከዚያ የሆነውን አልዘረዝረውም። አንድ ሰውዬ ግድግዳ ይዘው ነበር የሳቁት። ዘመኑ ከደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"ፍል ውሃ እኮ ነው!" አለ እንዳልካቸው ሲበርድለት። "ከአለት ውስጥ የወጣ! ጨው ነው፣ ብረት ነው፣ ኖራ ነው!"

አውቃለሁ። የፍል ውሃ ማዕድናትን ለፈተና ዘርዝሬ ጽፌ አሥር ከአሥር ያገኘሁ እኔ ነኝ። በእናቴ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ግን ያው ውሃ መሆኑ አልመጣልኝም።

እዚያው እያለሁ፣ ሁሉም እየሰሙኝ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ከጉሮሮዬ የተመለሰውን ጠየቅሁ።

"ታዲያ ንጹሕ ውሃ ማለት የቱ ነው? የት ይገኛል?"

"የተጣራው ነዋ። ፈልቶ እንፋሎቱ የተጠራቀመው። በጠርሙስ ነው የሚሸጠው።"

"የት?"

እንዳልካቸው በእጁ የያዘውን ቱቦ ወደ ራሴ ቀሰረ። ዞርሁ። ሁልጊዜ ተደግፌ ወረፋ የምጠብቅበት መደርደሪያ ላይ፣ ከማጅራቴ ትክክል፣ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ፣ በአማርኛ፣ በትልቁ፣ "የባትሪ ውሃ" ተብሎ ተጽፏል።

እኔ የተቀጠርሁት ማንበብ ስለምችል ነው።

እንዳልካቸው አሲዱን ገልብጦ፣ አጥቦ፣ በአዲስ ሞላው፤ ሁለት ቀን ሙሉ በቀስታ ቻርጅ አደረገው። አንደኛው ክፍል ተጎድቷል አለ። "እኔ ቃል አልገባም። ግን እስከ ጥምቀት ያደርስህ ይሆናል።"

"ደግሞ ጥምቀት!" አለ ዘመኑ። ባጃጁ ቤታችን እስኪደርስ እየሳቀ ነበር፤ እኔም ከሐሙሲት ሲመጣ የነበረው ቀልድ መሐል መንገድ ላይ ደረሰኝና ሳቅሁ።

እናቴ ከደጃፍ ጠበቀችኝ።

"ያ በሽተኛ ዳነ?"

ልዋሻት ነበር። ከዚያ አፌ ሰው ፊት መናገር ለምዶ መጣና ነገርኋት፤ ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንዳደረግሁ። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም።

"ጉልበት ያነሰው ብለኸኝ ነበር እኮ" አለች። "እኔ አንተን ነው ብዬ ነው የሰጠሁህ፣ አፍረህ የደበቅኸኝ መስሎኝ።"

በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ጧት ጉጦቹን በሶዳ ፈተግሁ። ስድስቱን ክዳኖች ከፍቼ ከየክፍሉ ውሃውን አየሁ፤ ሦስተኛው ብቻ ትንሽ ጎድሏል። ከእንዳልካቸው ከገዛሁት ጠርሙስ በስሪንጅ ቀድቼ እስከ መስመሩ ሞላሁት፤ ያን ቀን ጫማዬን አላወለቅሁም። ክዳኖቹን አጥብቄ ላዩን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ፤ ጉጦቹን ዝገት እንዳይዛቸው ቅባት ቀባሁ። አያ አያልነህ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ሆነው በግራ እጃቸው መረብ ይጠግናሉ፤ ገመዱንም አውጥተው ከመቀመጫዬ አጠገብ አስቀምጠውልኛል።

ቤት ስመለስ ጠርሙሱን ከበሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። ሰማያዊው ጀሪካን እንደ ወትሮው ከእናቴ ራስጌ ነው። ከሰል አንስቼ በጎኑ ላይ "የእማዬ" ብዬ ጻፍሁበት።

"ምን ብለህ ነው?" አለችኝ፤ ፊደል አልቆጠረችም።

"ያንቺ ነው ብዬ።"

"የእኔ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ነው።"

በጨርቅ አጥፍቼ "ጠበል" ብዬ ጻፍሁ። ቆም ብዬ አየሁትና ከሥሩ በትንንሹ "ለሰው" ብዬ ጨመርሁ። ከሰሉን ምድጃው ውስጥ ጣልሁ፤ ብሩሹን አለቅልቄ ምስማሩ ላይ ሰቀልሁት።